ፊቷስ እንዴት ነበር?

«ቤቶች!» የሚል ድምፅ አሁንም አልፎ አልፎ ጆሮዬ ላይ ይመጣብኛል። ኤሲው ሲያጓራ ውሎ ድንገት ዝም ሲል ከኮምቦልቻው ቤታችን ደጅ ሰው ቆሞ «ቤቶች! እንደምን አረፈዳችሁ!» የሚል ይመስለኝና፣ ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚባል ጎዳና ላይ ባለችው አፓርታማዬ ውስጥ ከሶፋው ብድግ እላለሁ። እዚህ እንዲህ ብሎ የሚጣራ የለም። ዕቃ የሚያደርሰው ልጅ እንኳ አንኳኩቶ፣ በሬን ፎቶ አንስቶ፣ እኔ እስክከፍትለት መኪናው ውስጥ ገብቷል።

ልጅ ሳለሁ ግን ያንን ድምፅ ስሰማ የምሮጠው ወደ በሩ ሳይሆን ከበሩ ጀርባ ነበር። ሰው እፈራ ነበር። እናቴ «ነይ ሳሚ» ብላ ስትጎትተኝ ቀሚሷ ውስጥ ተሸጉጬ አለቅስ ነበር፣ እንግዳውም «ይቺ ልጅ ናት ድመት?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ስለነበረ ቀኑን ሙሉ ገበያ መሐል ከስፌት መኪናው ጋር ይውላል፣ የእኔን ነገር ሲነግሩት «ተዋት፣ ስታድግ ይለቃታል» ይል ነበር። እናቴ ግን አትተወውም። ምድጃው ዳር ቁጭ ብላ እኔን እኔን እያየች «ሰው የምትፈራ ልጅ፣ ያረቢ፣ ነገ ማን አለኝ ልትል ነው?» ስትል እሰማት ነበር። ያኔ ነገሩ አይገባኝም። የሚያሳዝናት ሌላ ልጅ ያለች ይመስለኝ ነበር።

መድኃኒቱን ያገኘችው ክረምት ላይ ነው። በሰፈራችን ስልክ የሚባል ነገር ቴሌ ቤት ካልሆነ አይታይም ነበር፣ ስለዚህ ስልኩ እኛ ልጆች ነበርን። ወንፊት መዋስ፣ ሰው መታመሙን መናገር፣ ለዕድር መጥራት፣ ሁሉም በልጅ አፍ ነበር የሚሄደው። ክረምት ሲገባ ደግሞ እንጨቱ ይረጥብና ምድጃው ይጠፋብናል፣ ያኔ አንዱ ልጅ ገል ይዞ ጭቃውን እየዘለለ እሳት ሊጭር ጎረቤት ይላካል። እናቴ ታላላቆቼን መላክ ትታ እኔን መላክ ጀመረች። እያለቀስኩ እሄድ ነበር። ከመሄዴ በፊት ትከሻዬን ይዛ «ቃሉን ያዢ። ስትደርሺ ቶሎ አትቀባጥሪ፣ ቆም ብለሽ ሴትየዋን እያት፣ ከዚያ ተናገሪ» ትለኝ ነበር። ስመለስም ሁለት ነገር ትጠይቀኛለች። «ምን አለች?» ትላለች መጀመሪያ። መልሱን ስነግራት ደግሞ «ፊቷስ እንዴት ነበር?» ትላለች።

ይቺ ሁለተኛዋ ነበረች የምትገድለኝ፣ ምክንያቱም እኔ መሬት መሬት እያየሁ ተናግሬ፣ መሬት መሬት እያየሁ ነበር የምመለሰው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እትዬ ዘነቡ ዘንድ እሳት ልጭር ተላክሁ። እትዬ ዘነቡ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ፤ እሳቸው ክርስቲያን እኛ እስላም፣ ግን የእናቴ ሚስጥረኛ ነበሩ። ፍሙን በገሉ ይዤ ስመለስ እናቴ «ምን አለች?» አለችኝ። «‹ደህና ነን በያት፣ ውሰጂ› አሉ» አልኋት። «ፊቷስ?» ስትለኝ መሬት መሬት አየሁ። እናቴ አልተቆጣችም፣ ፍሙን ተቀብላኝ «ሂጂ፣ አይተሽ ነይ» ብላ በዚያ ዝናብ መለሰችኝ።

ሄጄ በራቸው ላይ ቆምሁና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ አየኋቸው። ዐይናቸው አብጦ ቀልቷል፣ አፋቸው ግን «ምነው ልጄ፣ ጠፋብሽ እንዴ እሳቱ?» እያለ ሊስቅ ይሞክራል። እየሮጥሁ ተመልሼ ለእናቴ ያየሁትን ስነግራት፣ ምድጃ ላይ የጣደችውን ድስት እንዳለ ትታ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ጠዋት የወንድማቸው መርዶ መጥቶላቸው ኖሮ ለማንም ሳይናገሩ ብቻቸውን ታቅፈውት ነው የዋሉት። ያን ቀን እናቴ እዚያው አመሸች፣ እኛም የተቃጠለ ሽሮ በላን፣ አባቴም ሽታውን ችሎ አብሮን በላ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየቀለለኝ ሄደ። መስከረም ሲጠባና ጭቃው ሲጠጥር ሳይልኩኝም ልላክ እል ነበር። ረመዳን በመጣ ጊዜ ደግሞ፣ ለማፍጠሪያ የተሠራው ሾርባና ሳምቡሳ በሳሕን ተሸፍኖ ቤት ለቤት ሲዞር፣ ሰፈሩን የማዳርሰው እኔ ነበርሁ፤ ሳሕን ባዶውን አይመለስምና በየቤቱ የሚጨመርበትን ይዤ፣ የየሰዉንም ፊት ይዤ ወደ ቤት እገባ ነበር። «ጋሼ ሙሄ ከሚስቱ ጋር ተኳርፏል» ስል እናቴ «አንቺ ምን አገባሽ!» ብላ ትቆጣኛለች፣ ግን ከንፈሯ ዳር ላይ ሳቅ ነበረ። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርሁም፤ የተማርሁት ትምህርት ቢኖር ያ ነው።

ይህን ሁሉ እንዳስታውስ ያደረገችኝ ልጄ ሐናን ናት። በ2020 ኮሮና መጥቶ ሆቴሎቹ ሲዘጉ፣ ክፍል የማጸዳበት ሆቴልም «እንጠራችኋለን» ብሎ ሸኘን፣ እሷም ትምህርቷ ላፕቶፕ ላይ ሆነ፣ ሁለታችንም ቤት ዋልን። አባቷ በሌላ ስቴት ነው የሚኖረው፣ ያለነው እኔና እሷ ነን። አብረን መዋላችን መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀስ በቀስ ግን አንድ ቤት ውስጥ ሆነን ተለያየን። የውጪው ሙቀት ሲበረታ መጋረጃውን ዘግታ አልጋዋ ላይ ተጋድማ፣ ስልኩ ፊቷ ላይ ሰማያዊ እያበራ፣ ስትስቅ እሰማታለሁ፣ ስገባ ትዘጋለች። «እራት ቀርቧል» ስላት አትሰማም፤ ከኩሽና ስደውልላት ነው የምታነሳው። እኔም ደወልሁ። እንዲህ ሆንን።

ያስደነገጠኝ ግን በመኸር የሆነው ነው። ሩዝ ልንገዛ ቻይናታውን አንድ ትልቅ ሱቅ ገብተን ጄድን አየኋት። ጄድ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የሐናን ጓደኛ ናት፣ ቀንና ማታ በስልክ የምትጻጻፈው ከእሷ ጋር ነው። «ያቻት ጄድ!» ብዬ እጄን ላነሳ ስል፣ ሐናን እጅጌዬን ጎትታ ከሩዙ ከረጢት ጀርባ ገባች። ጎንበስ ብላ ተደበቀች! ያቺ ልጅ ከእናቷ ጋር ከፍላ እስክትወጣ ድረስ አልተነሳችም። መኪና ውስጥ ገብተን ገና ሳልንቀሳቀስ ስልኳ ጮኸ፣ አየችና ሳቀች፣ ጣቷም እየሮጠ መጻፍ ጀመረች።

«ማናት?» አልኋት።

«ጄድ።»

«አሁን ያየናት ጄድ? ታዲያ ሰላም አትያትም ነበር?»

«ማሚ፣ ቴክስት እያደረግኋት ነው እኮ። ሴም ቲንግ።»

ሴም አይደለም፣ አንድ አይደለም ልላት ፈልጌ መኪናውን አስነሳሁ። ስፕሪንግ ማውንቴን በሚባለው ጎዳና እየነዳሁ ፍርሃት ያዘኝ። በሽታ ብትሆን ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ፣ ወንድ ቢሆን እቆጣታለሁ። የሰው ፊት የምትሸሽ ልጅ ግን የት ይዘዋት ይሄዳሉ?

የዚህ አገር ክረምት ገብቶ፣ ትምህርት ቤቱ በጸደይ ይከፈታል፣ መምጣት የማይፈልግ ግን እቤቱ ይቀጥል የሚል መልእክት ሲመጣ፣ ሐናን ዐይኗን ከስልኩ ሳታነሳ «እኔ አልሄድም፣ ኦንላይን ይሻለኛል» አለችኝ። ያኔ ፍርሃቴ ወደ ንዴት ዞረ። ሻወር በገባችበት ስልኩን አጥፍቼ፣ መኪናዬ የኋላ ኮፈን ውስጥ፣ ከሥራ ዩኒፎርሜ ጋር ጠቅልዬ ደበቅሁት። አለቀሰች፣ ጮኸች፣ ሳምንት ያህል «እሺ» እና «እምቢ» ካልሆነ ቃል አልወጣትም። እኔም አልረታም ብዬ ስልኩን አልመለስሁላትም።

አንድ ቀን ከድጃ፣ ሆቴሉ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ የወሎ ልጅ፣ ኢትዮጵያ ሱቅ ደጃፍ አግኝታኝ «አንቺ! ሺፍትሽ ከጠዋት ነው ከማታ?» አለችኝ።

«የምን ሺፍት?»

«ውይ! ጠርተውን የለም እንዴ! አልደወሉልሽም?»

እንግሊዝኛዬ የልብ አያደርስምና የሥራ ፋይሌ ላይ ያለው ቁጥር የሐናን ነው። ሁሉንም ደብዳቤ፣ ሁሉንም ጥሪ የምትሰማልኝ እሷ ናት። እዚያው መንገድ ላይ ቁጭ ማለት አማረኝ። ወደ ቤት በርሬ ስልኩን ብናበራው መልእክቱ ተቀምጧል፣ ጊዜው ግን አልፏል። ብንደውል ማሽን ነው የሚያነሳው፣ «አንድን ተጫን፣ ሁለትን ተጫን» እያለ ያዞረናል። ስለዚህ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሆቴሉ የሠራተኛ በር ሄድን።

ፓርክ አድርጌ ስወርድ ሐናን አልወረደችም። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ማሚ፣ አይ ካንት። ኢሜይል እናድርግ፣ ፕሊዝ። አንቺ ንገሪያቸው።»

«እኔማ ‹ታንክ ዩ› ብዬ ልመለስ?»

«እኔ ሰው ፊት... ማሚ፣ ድምፄ አይወጣም።»

ልቆጣት ነበር፣ ግን ያቺን ፊት አወቅኋት፤ ከበር ጀርባ ሆና የምታይ ልጅ ፊት ነበር። በመስኮቱ እጄን አስገብቼ ትከሻዋን ይዤ፣ «አብሽሪ። ቃሉን ያዢ። ስትደርሺ ቶሎ አትናገሪ፣ ቆም ብለሽ ሴትየዋን እያት፣ ከዚያ ተናገሪ። እኔ ከኋላሽ ነኝ» አልኋት።

ሴትየዋ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጣለች፣ ማስኳን አድርጋለች። ሐናን አንድ ነገር አለች፣ እኔ እንኳ አልሰማሁትም። ሴትየዋም ጆሮዋን እያሳየች ከፍ አድርጊው አለቻት። የልጄ ጆሮ በርበሬ መሰለ። እጇ ወደ ኪሷ ወደ ስልኩ ሄደ፣ እዚያ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ባዶውን ወጣ። ቀና አለችና ሴትየዋን አየቻት። ተናገረችም። «ማይ ማም» ስትል ገባኝ፣ «ፎን» ስትል ገባኝ፣ ሌላውን አላውቅም፣ ብቻ ድምፅዋ መጀመሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ኋላ ግን መንቀጥቀጡን ረሳው። ድንገት ሴትየዋ በማስኳ ውስጥ ሳቀች።

ውጪ ስንወጣ «ምን አለች?» አልኋት።

«ያ ሺፍት ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ግን ስምሽን አላወጡትም፣ ሌላ ሲከፈት ይደውላሉ። አሁን ያንቺን ቁጥርም ሰጠኋት።»

«ምን አስቃት?»

«‹እናቴ ስልኬን ደበቀችው› አልኋት።»

«ውይ! አዋረድሽኝ!»

«እውነት ነው እኮ፣ ማሚ!» አለችና፣ ቀበቶዋን እያሰረች፣ እኔ ሳልጠይቃት፣ «ግን ስትነግረኝ ዐይኗ አዝኖ ነበር። ሶ፣ ውሸቷን አይመስለኝም» አለች።

መኪናውን አስነሳሁ። ፀሐይ ነው ብዬ ዐይኔን ጠረግሁ።

በጸደዩ ያ አቧራ የሚያነሳ ነፋስ ሲነፍስ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። «አንድ ቀን ሞክሬ ካልሆነ እተወዋለሁ» ብላ ሄደች። ስትመለስ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች፣ ልቤ ተሰበረ። በማግሥቱ ግን ተነስታ ቦርሳዋን ያዘች። ቆይታ እንደነገረችኝ፣ እሷና ጄድ ግቢ ውስጥ ተገናኝተው፣ የሚሉት ጠፍቷቸው፣ ጎን ለጎን ቆመው በስልክ ተጻጻፉ። «ሃይ» ጻፈችላት፣ «ሃይ» መለሰችላት፣ ከዚያ ሁለቱም ቀና ብለው ሳቁ አሉ።

ለእናቴ ቀላል ነበር አልልም፣ እሷም ፈርታለች። ግን እኔን ስትልከኝ የሰፈሩ በር ሁሉ ክፍት ነበር፣ ከውስጥም የሚያውቀኝ ሰው ይጠብቀኝ ነበር፣ እኔና ሰው መካከል የነበረው ጭቃ ብቻ ነው። የኔ ልጅ የምትሄድበት መንገድ ደረቅና ንጹሕ ነው፣ በሮቹ ግን ዝግ ናቸው፣ ክፍት የምታገኘው በር እጇ ላይ ያለው ነው። ታዲያ እዚያ መግባቷን እንዴት ልፍረድባት? ስልኩን ከዚያ ወዲህ አልነካሁባትም። አሁን ከክፍሏ ወጥታ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ሆና ነው የምትነካካው፣ ስጠራት አንዳንዴ ቀና ትላለች፣ አንዳንዴ አትልም። ቀና ስትል የማወራውን ወዲያው አልጀምርም። መጀመሪያ አያታለሁ።