ዱዋይት ፑሽካር ኳስ ማበላሸት የተማረበት ጸደይ

ዱዋይት ፑሽካር የጋራዥ በር ገጣሚ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ መሰላሉን በፒካፑ ላይ ጭኖ የሰው በር ሲሰቅል፣ የተበጠሰ ሞላ ሲቀይር ይውላል። በዚያች የምሥራቅ ኦሃዮ ትንሽ ከተማ ስለ ዱዋይት የጠየቃችሁት ሰው ግን መጀመሪያ የሚያወራላችሁ ስለ በሮቹ ሳይሆን ስለ ክንዱ ነው። ሞላላዋ የአሜሪካ ፉትቦል ኳስ ከእጁ ስትወጣ አየሩን እየሰረሰረች፣ ቅንጣት ሳትወላገድ ሄዳ የቀላቢው ደረት ላይ ታርፋለች። ጡረታ የወጡት የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ይህን ለማየት ብቻ ፔርሙዛቸውን ይዘው ሜዳ ይመጣሉ።

ወጣት ሳለ የከተማው ኮሌጅ ወርዋሪ ነበር። ታላላቆቹ ቡድኖች ከየኮሌጁ ተጫዋች በሚመርጡበት የሚያዝያ ሰሞን እሱም እንደ እኩዮቹ ስልክ ሥር ተቀምጦ ጠብቋል። የደወለለት የጥርስ ሐኪም ቤት ብቻ ነበር፤ ቀጠሮ አልፎሃል ለማለት። የደወለችው ሎሬታ ትባላለች፤ ዘንድሮ ከተጋቡ ሃያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ዱዋይት ይህን ሲያወራ «በዚያ ቀን እኔንም የመረጠኝ ነበር» ይላል። ሎሬታ ደግሞ ሌላ ተረኛ ስላልነበራት መሆኑን ሳታስታውሰው አታልፍም።

በየዓመቱ መጋቢት ላይ ኮሌጁ የመታያ ቀን ያዘጋጃል። የየቡድኑ መልማዮች ሰዓታቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይመጣሉ፤ ተመራቂዎቹ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ ኳስ ይቀልባሉ። በሜዳው ዳር እየፈተለከ ኳስ የሚቀልብ ልጅ ደግሞ የሚወረውርለት ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ዱዋይት ነው። በዋዜማው ፀጉሩን ይስተካከላል፣ ጫማውን ያጥባል፣ ሥራ ቦታው ደውሎ አሞኛል ይላል። አለቃውም በማግስቱ ሜዳው ላይ ያገኘውና እግዜር ይማርህ ብሎት ያልፋል።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ወፍራም መልማይ ቋሊማ እየበላ ወደ ዱዋይት ተጠግቶ፣ «አንተ የወረወርካትን ኳስ እኮ የኔ አያትም ትቀልባታለች» ብሎት ነበር። ዱዋይት በደስታ የሚገባበት ጠፋው። ይህችን ነገር በአማቹ በሩዲ ቡና ቤት ያልሰማት ሰው የለም፤ የማያውቃት እንግዳ ከመጣማ ሩዲ ራሱ ዱዋይትን ጠርቶ ያስተርከዋል። በእነዚያ ዓመታት ከዱዋይት ኳስ የቀለቡት ልጆች ግን አንዳቸውም አልተመረጡም። ከተማው የመልማዮቹን ዕውርነት ረግሞ ዝም ይል ነበር።

ዘንድሮ ተራው የኦማሪ ትሪፕ ሆነ። ኦማሪ ከአላባማ የመጣ፣ መዳፈ ሰፊ፣ ቁጥብ ልጅ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ለዚያ ኮሌጅ ሲጫወት ወርዋሪያቸው በእያንዳንዱ ጨዋታ እየተሳደደ፣ እየወደቀ፣ መሬት ላይ ተዘርሮ የሚወረውር ምስኪን ነበር። ካልተመረጠ የሚጠብቀው የአጎቱ ጎማ ቤት ነው። የሐሙሱ መታያ ሳምንት ሲቀረው ዱዋይት ዓርብ ማታ ሩዲ ዘንድ ዓሣ ጋበዘውና፣ እንደ ልማዱ ያቺን የአያት ነገር አወራለት። ሰው ሁሉ እንደ አዲስ ሳቀ። ኦማሪ ሹካውን አስቀመጠ።

«ሚስተር ዱዋይት፣ ይቅርታ ያርጉልኝና ሰውዬው እርስዎን እያደነቀ አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ማለቱ ነው?»

«ማንም የሚቀልባትን ኳስ ስለቀለበ ብዬ ሰው አልመርጥም ማለቱ ነዋ።»

ቀልድ ካፉ ጠፍቶ የማያውቀው ሩዲ ንጹሑን ብርጭቆ ይወለውል ጀመር። ዱዋይት ከዚያ በፊት የወረወረላቸውን ልጆች አሰበ፤ አንዱ አሁን መኪና ይሸጣል፣ አንዱ የመድን ወኪል ሆኗል፣ አንዱ ከተማውን ጥሎ ሄዷል። ሁሉንም ደረታቸው ላይ ጣል እያደረገላቸው፣ ችሎታቸውን ማንም እንዳያይ የጋረደባቸው እሱ ነበር። ዱዋይት ከልቡ አዘነ፤ ዓሣውንም አልጨረሰም።

ኦማሪ አልከፋበትም። ቀስ ብሎ አስረዳው። ከሌሎቹ ልጆች ፈጣን አይደለም፣ ረጅምም አይደለም። የሚችለው ነገር ቢኖር ማንም የማይፈልጋትን ኳስ መቅለብ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ እሱ ዘንድ የደረሰችው እሷ ብቻ ነበረች። ስለዚህ በመታያው ቀን ሚስተር ዱዋይት የተበላሸ ኳስ እንዲወረውሩለት ነው የሚፈልገው።

«ከተማው ሁሉ እያየኝ?» አለ ዱዋይት።

«አዎ ጌታዬ። ለዚያውም ከልብዎ ያበላሹት።»

ዱዋይት ቤቱ ገብቶ ሲገላበጥ አደረ። በር ገጣሚ በየሠፈሩ አለ፤ እሱን ዱዋይት ያሰኘው ያ ክንድ ነው። በአንድ ቀን አፈር ይግባ? ጠዋት ላይ ነገሩን ለሎሬታ ሲያማርር እሷ ዳቦዋን እየቀባች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ቀኑ ያንተ ነው ወይስ የልጁ?»

ዱዋይት ኳሱን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ኦማሪም ተጠርቶ መጣ። ችግሩ ግን ዱዋይት ማበላሸት አልቻለም። አጥምሜ ልወርውር ይላል፣ ኳሷ እንደ ክር ቀጥ ብላ ትሄዳለች። በግራ እጁ ሲሞክር የጎረቤት አጥር ዘልላ የአትክልት መደብ ላይ አረፈች፤ ያቺንማ መልአክም አይቀልባት። ሎሬታ በረንዳዋን እየጠረገች ነበር። አንዲት ኳስ ነጥራ የሳሙና ባልዲዋን ስትደፋባት መጥረጊያውን እንደያዘች ተነሣችበት። ዱዋይት እየሸሸ፣ ወደ ኋላው እያየ ወረወረ። ኳሷ እንደተባረረች ዶሮ እየተንደፋደፈች ሄደች፤ ኦማሪ ተወርውሮ በጣቶቹ ጫፍ ለቀማት።

ሎሬታና ዱዋይት ባሉበት ቆሙ።

«ሚስስ ፑሽካር» አለ ኦማሪ ሣሩ ላይ እንደተጋደመ፣ «ሐሙስ ዕለት ሥራ አለብዎት?»

ወርዋሪን በመጥረጊያ እያስጨነቁ ማለማመድ አሰልጣኞች ሁሉ የሚያደርጉት ነገር ነው፤ ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ሎሬታ ከነመጥረጊያዋ ሜዳ ስትገባ ማንም አልከለከላትም። የመጀመሪያዋ ኳስ መሬት ለመሬት ሄደች። የጡረተኞቹ ፔርሙዝ ከአፋቸው ተመለሰ። አንዱ ታሞ ይሆናል አለ፣ ሌላው እርጅና ነው አለ። ሩዲ ምክንያቱን እያወቀም አፉ አላስቻለውምና «ዱዋይት፣ ክንድህን የሰው ጋራዥ ውስጥ ረስተኸው መጣህ እንዴ?» አለው። የዱዋይት ጆሮ ቀላ። ሎሬታ ደግሞ የሃያ ሦስት ዓመት ሒሳብ የምታወራርድ ይመስል ጀርባውን ሳትራራ ትጠርገዋለች።

ኦማሪ ግን ዝቅ ያለችውን ከሣሩ ይነቅላታል፣ ከፍ ያለችውን ከሰማይ ያወርዳታል፣ ከኋላው የቀረችውን ዞሮ ይዟት ይሮጣል። ያ ወፍራም መልማይ ዛሬም ቋሊማ ይዞ ነበር፤ ማኘኩን ተወ። ዱዋይት ይህን አየና ልቡ ሞቀ። እንዲህ የሚያምር ነገር በገዛ ኳሱ አይቶ አያውቅም ነበር።

የመጨረሻዋ ኳስ ላይ ሎሬታ ትንፋሽ አጥሯት መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆመች። ዱዋይትን የሚያባርረው ጠፋ። እግሩ ሜዳው ላይ ተደላደለ፣ ኳሷ መዳፉ ውስጥ ተመቸች፣ ጡረተኞቹ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ኦማሪ በሜዳው ዳር እየበረረ ነው። አንዲት ቆንጆ ኳስ ብትሄድ የዱዋይት ስም ከነክብሩ ይመለሳል፤ እጁም ሳያዝዘው ወደዚያው ተነሣ። ያኔ ዱዋይት እያወቀ በተሳሳተው እግሩ ቆመና፣ ፊቱን ከዒላማው አዙሮ፣ በሕይወቱ ከወረወራቸው ሁሉ የከፋችውን ወረወረ። ኳሷ ተንጋዳ ከኦማሪ ኋላ፣ ከራሱ በላይ መጣች። ልጁ እየሮጠ አየር ላይ ተጣምሞ በአንድ እጁ ቀለባት፤ ወድቆ ሲነሣም ከእጁ አልወጣችም።

ጡረተኞቹ ለኦማሪ አጨበጨቡ። በዱዋይት አጠገብ ሲያልፉ ግን ሐዘን የደረሰበት ሰው ይመስል ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። ሚያዝያ ላይ ምርጫው ሐሙስ ማታ ተጀምሮ ቅዳሜ ሲደርስ ሩዲ ቡና ቤት መቆሚያ አልነበረም። ኦማሪ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከሰባቱ ዙሮች አራተኛው አለፈ፣ አምስተኛውም አለፈ። ሌሎች ቀላቢዎች ስማቸው እየተጠራ ቴሌቪዥኑ ላይ እናቶቻቸውን ሲያቅፉ ሎሬታ ለኦማሪ ፒዬሮጊ፣ ድንች የተሞላ የተቀቀለ ሊጥ፣ ታቀርባለች፣ እሱ አመስግኖ ይተወዋል። ዱዋይት ሰሃኑን ከፊቱ እየወሰደ በጭንቀት ሁሉንም ጨረሰለት። ምናልባት አብዝቼ አበላሽቼው ይሆን የሚለው ሐሳብ አልለቀው ብሎታል።

ስድስተኛው ዙር ላይ ስልኩ ጮኸ። ሩዲ በእጁ ሁሉንም ዝም አሰኘ። ኦማሪ «አዎ ጌታዬ» አለ፤ ቆይቶም ደግሞ «አዎ ጌታዬ» አለ፤ ከዚያ ዓይኑን በክንዱ ሸፈነ። ቤቱ ተደበላለቀ። ሎሬታ አለቀሰች፣ ሩዲ በሃያ ዓመት አንዴ እንኳን አድርጎት የማያውቀውን አድርጎ ቢራ በነፃ ቀዳ።

ቴሌቪዥኑ ስሙን ጠርቶ የመታያውን ቀን ምስል አሳየ። ያሳየው ያቺን የመጨረሻዋን ኳስ ነበር። ተንታኙ ኦማሪን አወድሶ ሲያበቃ ሳቀና፣ «ይቺን የወረወረው ሰውዬ ግን ለእርግብ እንኳን ዳቦ መወርወር የለበትም» አለ።

ሰዉ ሳቁን ዋጥ አደረገ። ዓይን ሁሉ ወደ ዱዋይት ዞረ። ዱዋይት ወንበሩ ላይ ወጣ፤ ፊቱ እስከ ጆሮው በርቷል።

«እኔ ነኝ» አለ። «ያ ሰውዬ እኔ ነኝ።»

ኦማሪ እናቱን በስልክ እንደያዛት ሰው እየገፋ መጣና በአንድ እጁ ከነወንበሩ አቀፈው። ዱዋይት ከዕቅፉ ሳይወጣ ሩዲን ምስሉን መልሰው አለው። ሩዲ መለሰው። ኳሷ ከእጁ ተወላግዳ ስትወጣ ቤቱ ሁሉ በአንድ ላይ ጮኸ፤ ከሁሉም ቀድሞ የጮኸው ግን ዱዋይት ነበር።