በሁለት ጣት የጠበበው ቀሚስ

በልጅነታቸው ቤተሰቡ ከሁለቱ እህቶች ታላቂቱን «መርፌ»፣ ታናሺቱን «ድንቡሼ» ይላቸው ነበር። መርፌ አድጋ ልብስ ሰፊ ሆነች፤ ሰውነቷ ግን ከቅጽል ስሟ ጋር ተኳረፈ። አምሳን ተሻግራ የወር አበባዋ ከቆመ ወዲህ፣ ምግቧ ሳይጨምር ወገቧ ጨመረ። ሌሊት ላብ ያጠምቃታል፤ ጧት ዚፕ አልዘጋ ይላታል። ሜትሩን በደንበኛ ሁሉ ወገብ ታዞራለች እንጂ በራሷ ላይ ማዞር ትታለች።

«የሁላችንም ዕጣ ነው፣ እትዬ» አለቻት ደንበኛዋ የሆነች አንዲት ነርስ። «ሆርሞኑ ሲቀንስ ስቡ ዳሌን ትቶ ሆድ ላይ ይሰፍራል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ጡንቻ ይሳሳል። ስንፍና አይደለም።»

«የሁላችንም ከሆነ እህቴን ለምን ዘለላት? የምበልጣት በሁለት ዓመት ነው።»

እውነትም ድንቡሼ በቅርቡ እንደ ሸንበቆ ቀጥና ነበር። መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «አማረብሽ፣ ወጣት መሰልሽ» ይላታል። የመርፌ ባል እንኳ አንድ ማታ ገበታ ላይ፣ «እህትሽ ምን እየበላች ነው እንዲህ ያማረባት?» አለ።

«ሄደህ ጠይቃት» አለችው መርፌ። «እራትህንም እዚያው ብላ።»

ድንቡሼ ልጇን ልትድር ነበርና ለሠርጉ ቀሚስ አዘዘች። ስትለካ እየሳቀች፣ «እትዬ፣ እንዳታሰፊብኝ። ሰው የሚያወራው ስለ ወገቤ ነው» አለች። መርፌም ሳቀች።

ጨርቁን በልኩ ቆረጠች። የስፌት መኪናው ላይ ስትቀመጥ ግን የእህቷ ሳቅ ጆሮዋ ላይ አቃጨለ። ወገቡን በሁለት ጣት አጠበበችው። ዚፑ ደንበኛ ፊት እምቢ ሲል የምትለውን ከስፌቱ ጋር አብራ አጠናች፦ «ምነው እህቴ፣ ጨመር አልሽ መሰለኝ።» ልብስ ማስፋት ቢያስፈልግ ተብሎ የሚተወውን የውስጡን ትርፍ ጨርቅ ብቻ አልቆረጠችውም፤ ክፋቱ ልቧ ውስጥ ገባ እንጂ እጇ ከልማዱ አልወጣም።

ቀሚሱ በሚለካበት ቀን ነርሷም ጉርዷን ልትወስድ መጥታ ነበር። ድንቡሼ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ ጀርባዋን ሰጠች። መርፌ ዚፑን ሳበች። ወጣ፤ አንገቷ ድረስ ያለ አንዳች ችግር ወጣ።

«እንዴት አማረባት!» አለች ነርሷ።

መርፌ አላመነችም። በወገቡ በኩል ጣቷን ከተተች፤ አንድ፣ ሁለት። ገቡ። ቦታም ተረፈ።

«እንዴት አወቅሽብኝ?» አለች ድንቡሼ ቀስ ብላ። «ከለካሽኝ ወዲህ ጭራሽ ቀነስኩ። የሁለት ሰው እየበላሁ እቀንሳለሁ።» ቀሚሱን የያዘው እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። መርፌ ይህን ሁሉ ጊዜ ወገቧን እንጂ እጇን አላየችም።

ነርሷ የድንቡሼን አንገት ዳሰሰች። «ልብሽ ይመታል? እንቅልፍስ?»

«ይመታል። እንቅልፍ የለም።»

«የአንገት ዕጢ ሕመም ይመስለኛል። የዚህ ዕጢ ሆርሞን ሲበዛ ደግሞ እንዲህ ያከሳል። ደምሽን ተመርመሪ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች መርፌ።

«ሰው ሁሉ አማረብሽ ሲለኝ፣ አሞኛል ማለት አፈርኩ። አንቺም ዝም አልሽ።»

መርፌ ስለ ስፌቱ ልትናገር ፈለገች፤ ያለችው ግን፣ «ነገ ጧት አብረን እንሄዳለን» ብቻ ነበር።

የምርመራው ውጤት ነርሷ ያለችው ሆነ። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘና፣ ስትድን ኪሎዋ እንደሚመለስ ነገራት።

«ቀሚሱስ?» አለች ድንቡሼ በመንገድ ላይ።

«ትርፉ ከውስጥ አለ። እለቅልሻለሁ።»

ሠርጉ ሲቃረብ ድንቡሼ መጥታ ዚፑ አልዘጋ እንዳላት ተናገረች። መርፌ የገዛ ስፌቷን ፈትታ፣ ወገቡን ወደ ቀድሞ ልኩ መለሰችው። ባሏ ሲገባ እያንጎራጎረች አገኛት።

«ዛሬ ደስ ብሎሻል» አላት።

«እህቴ እየዳነችልኝ ነው» አለችው። እውነቷን ነበር፤ የእህቷ ወገብ መልሶ መስፋቱም እንዳስደሰታት ግን አልነገረችውም።