ሁለት ፈንታዬ፣ አንድ ወስፌ

ፈንታዬ ካሳ የወግዲ ገበሬ ሚስት፣ የአራት ልጆች እናት ናት። በ2012 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ አዲስ አበባ የወለደች ልጇን ስታርስ ከርማ ወደ ቤቷ እየተመለሰች ነበር። ከደሴ የተሳፈረችበት ሚኒባስ በኮሮናው ምክንያት ግማሽ ሰው ብቻ ነው የጫነው። መካነ ሰላም መግቢያ ላይ ትኩሳት የሚለኩ ሰዎች አስቆሟቸው። ከኋላ ወንበር አንድ ጎልማሳ ትኩሳት ተገኘበት። እሱን በአምቡላንስ ወሰዱት፤ የቀሩትን ስድስት መንገደኞች ደግሞ ተማሪ ወደሌለበት አንድ ትምህርት ቤት አስገቧቸው።

«ስንት ቀን ነው የምንቆየው?» ብላ ጠየቀች ፈንታዬ።

«አሥራ አራት» አለቻት ስም የምትመዘግበው ነርስ፣ እፀገነት።

«እኔኮ ትኩሳት የለብኝም።»

«የለብዎትም፣ እትዬ። ለዚያ ነው እዚህ የሚቆዩት። ያለበትማ ሆስፒታል ሄደ።»

ፈንታዬ ይህን አባባል ሌሊቱን ስታመነዥገው አደረች። የታመመው ሄደ፣ ያልታመመው ታሰረ። በነጋታው ሌላ ሰው ትጠይቅ ነበር፤ ግን የሚመጡት ሁሉ ከእግር እስከ ራስ ነጭ ለብሰው ስለሚመጡ፣ ትናንት የጠየቀችው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃታት።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ክፍል ሰጧቸው። ዴስኮቹ ጥግ ላይ ተደርድረው፣ መሬቱ ላይ የሣር ፍራሽ ተነጥፏል። በሦስተኛው ቀን ከፍራሹ ቀዳዳ የሾለከውን ሣር እየሳበች ስትጠቀልል፣ የግቢው ጠባቂ አሕመድኑር በመስኮት አያት።

«እታለም፣ ፍራሹን ልትጨርሽው ነው እንዴ?» አላት።

«እጄ ሥራ ፈቶ ነው፣ ወንድሜ። ቤቴ ብሆን ስፌት እሰፋ ነበር።»

«አብሽሪ! ይህ ምን ችግር አለው?» አለና ከሰዓት በኋላ ከሚስቱ ዘንድ አንድ እቅፍ አክርማና ስንደዶ፣ ቀይና አረንጓዴ የተነከረ አለላ፣ አንድም ወስፌ ይዞላት መጣ። ፈንታዬ ሣሩን ውኃ ውስጥ ነክራ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የሰፌድ እምብርት ጀመረች።

ከጎኗ ባለው ክፍል የተቀመጡት ሰው ቄስ ናቸው። ከአቀስታ ወዲህ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ያገለግላሉ፤ ዓይናቸውን ሊታከሙ ደሴ ሄደው ሲመለሱ፣ መካነ ሰላም ዘመድ ሊጠይቁ ደብራቸውን አልፈው መጥተው ነው እንደ እሷ የተያዙት። ስማቸውን ስትሰማ መጀመሪያ የቀለዱባት መስሏት ነበር። እሳቸውም ፈንታዬ ካሳ ናቸው። እፀገነት በመዝገቡ ላይ ሁለቱን ስሞች ስታይ፣ «ዝምድና አላችሁ?» ብላ ጠይቃለች።

ቄሱ ጥቂት ቀን ከርቀት ሲያዩ ቆይተው፣ «እስቲ ከዚያ ሣር ትንሽ ወርውሪልኝ» አሉ።

«ለምንዎ ነው፣ አባ?»

«ለስፌት ነዋ!»

«ቄስ ስፌት ይሰፋል?»

«አንቺ፣ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ቁራሽ የምለምንበትን አኮፋዳዬን ማን ሠራልኝ መሰለሽ? እናቴ ሩቅ ነበረች። ደበሎዬንም የሰፋሁት በዚህ እጄ ነው።»

ወስፌው ግን አንድ ብቻ ነው። እሷ ሁለት ዙር ሰፍታ በሳሙና ታጥብና በረንዳው መሐል ድንጋይ ላይ ታስቀምጥላቸዋለች፤ እሳቸውም እንደዚያው። ቄሱ እየሰፉ ዜማ ያዜማሉ፤ ፈንታዬ እየሰማች ዙር ስትቆጥር ይጠፋባታል። ቤቷ ቢሆን ስህተቱ ድረስ ትፈታው ነበር። እዚያ ግን ቀዩ በአረንጓዴው ቦታ ሲገባ ዝም ብላ ቀጠለች። ልቧ ቀለል አላት። ላሞቿ ማን እንደሚያልባቸው ሳታውቅ፣ ባሏ እንዳልካቸው ምን እንደሚበላ ሳታውቅ፣ ሰው ሁሉ የሚፈራው በሽታ በር ላይ ቆሞ፣ እሷ ደስ ብሏታል። ይህን ደስታዋን ራሷም አላመነችውም፤ ነውር መሰላት።

ስምንተኛው ቀን ላይ ሣሩን ስትነክር ሽታው የለም። እርጥብ አክርማ የሚሸተውን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ሳሙናውን አሸተተች፤ እሱም ምንም። የክፍሉ የጠመኔ አቧራ ያመጣባት ጉንፋን ነው ብላ ተወችው። ለማንም አልተናገረችም፤ የጠየቃትም የለም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እፀገነት በረንዳው ጫፍ ላይ ቆማ ሁለቱን ጠራቻቸው።

«ከሁላችሁም የተወሰደው ናሙና ውጤት በስልክ ተነግሮናል። የትኩሳቱ ሰውዬ ወባ ነው የያዘው፤ ኮሮና የለበትም። የቀሩት አራቱም ነጻ ናቸው። ከእናንተ ግን አንዳችሁ ላይ... ኮሮና ተገኝቷል።»

«የትኛችን?» አሉ ቄሱ።

«‹ፈንታዬ ካሳ› ነው ያሉን። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ወረቀቱ እስኪመጣ ሁለታችሁም ትቆያላችሁ። አብራችሁ የነካችሁት ዕቃ አለ?»

ሁለቱም ድንጋዩ ላይ ያለውን ወስፌ አዩ። ወስፌው በረኪና ውስጥ ገባ። አሕመድኑር ከአሮጌ ጃንጥላ ሽቦ ስሎ ሌላ ሠራላቸው፤ አሁን ለየራሳቸው አንድ አንድ ደረሳቸው። በረንዳ ላይ መቀመጥ ስለተከለከለ እያንዳንዳቸው በየክፍላቸው፣ በመስኮት እየተነጋገሩ መስፋት ያዙ።

«አባ፣ አሞዎታል?»

«የለም። አንቺስ?»

«የለም» ትላለች፤ አፍንጫዋም ትዝ ይላታል። ጉንፋን ደግሞ በሽታ ነው እንዴ? ትናገር ወይስ አትናገር? ሳትወስን ሌላ ስንደዶ ታነሳለች።

ወረቀቱ ከሳምንት በኋላ ሲመጣ ዕድሜ የሚለው ላይ ሠላሳ አራት ይላል። እሷ አርባ ሰባት፣ ቄሱ ስልሳ አንድ ናቸው። ጾታ የሚለው አልተሞላም። እፀገነት ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውንም አየችው። በዚያው ሰሞን በድጋሚ የተወሰደው ናሙና ደግሞ ሁለቱንም ነጻ ናቸው አለ።

«እንግዲያ የታመመው ማን ነበር?» አለች ፈንታዬ።

«ማንም ቢሆን ድኗል» አለች እፀገነት፤ ደክሟታል። «ወደ ቤታችሁ ግቡ።»

ሲወጡ ዕቃቸውን ሁሉ መድኃኒት ረጩበት። ደምቆ የነበረው የሰፌዱ ቀይ ቀለም አረንጓዴው ላይ ፈሰሰ። ቄሱ የሰፉትን አኮፋዳ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የአቀስታውን መኪና ሲሳፈሩ፣ ፈንታዬ የወግዲውን ተሳፈረች።

እንዳልካቸው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ጎረቤቶቿ ግን ከአጥሩ አላለፉም። ቦኖ ስትወርድ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አንስተው ራቅ ይላሉ። አብሮ አደጓ ሙሉሐረግ እንኳ፣ «ወላሂ ልጆቼን ፈርቼ ነው፣ እህቴ» ብላ ከሩቅ ተሰናበተቻት። ፈንታዬ ክረምቱን ሙሉ ሰፋች። አራት ሰፌድ ጨረሰች፤ በትምህርት ቤቱ ያገኘችውን ቀለል ያለ ልብ ግን በቤቷ አላገኘችውም። እዚያ ታስራ ደስ ያላት፣ እዚህ ተፈትታ የከፋት ለምን እንደሆነ እየሰፋች ራሷን ትጠይቃለች። አንድ ቀን በሬዲዮ ሽታ የማጣት ነገር የኮሮና ምልክት መሆኑን ስትሰማ ወስፌው እጇን ወጋት።

ነሐሴ ላይ ሙሉሐረግ በአጥሩ ገብታ መጣች። ሰምታ ነው፤ ታመው የነበሩት ቄሱ ናቸው። ራሳቸው በደብራቸው ለሕዝብ ተናገሩ ብሎ አንድ የአቀስታ ነጋዴ አውርቷል። «በከንቱ ራቅንሽ፣ እህቴ፣ አፉ በይን» አለች። ከዚያ ወዲያ ቤቷ ሰው አላጣም። ፈንታዬ ግን ይበልጥ ግራ ገባት። ቄሱ ትክክለኛውን ወረቀት አግኝተው ነው? ወይስ ለእሷ ሲሉ ዋሹ? ቄስ ይዋሻል?

ጥር ላይ ደሴ ስትሄድ አቀስታ ወረደች። የገበያ ቀን ስለነበር ቄሱን ለማግኘት ብዙ አልፈለገችም፤ ጨው ሲገዙ አገኘቻቸው። መስቀላቸውን ተሳልማ ቀጥታ ጠየቀች።

«አባ፣ እርስዎ ነበሩ?»

«ሰው ‹የታመመው ማን ነው?› ሲለኝ ‹ፈንታዬ ነው› አልሁ። ወረቀቱ እንደዚያ አይደል የሚል?»

«ሰው እርስዎን አደረገዎትኮ!»

«አደረገኝ። ቅዳሴ ላይ ሁለት ወር ማንም አጠገቤ አልቆመም።»

ፈንታዬ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «አባ፣ እኔ ያኔ ሽታ ጠፍቶብኝ ነበር። ለአራት ቀን። አልነገርሁም።»

ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «ንስሐ ከሆነ ለነፍስ አባትሽ ንገሪ።»

«መታመም ኃጢአት ነው?»

«እሱስ አይደለም።»

«ዝም ማለቴስ?»

«እሱን...» አሉና የጨው ከረጢታቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። «እሱን እኔም አላውቅ፣ ልጄ። እኔም ‹ፈንታዬ ነው› ስል ልክ ልሥራ፣ ልሳሳት፣ አላወቅሁም። እስካሁንም አላውቅ።»

ልታመሰግናቸው ነበር የወረደችው፤ ልትቆጣቸውም። ሁለቱንም አላደረገችም። ቄሱ የሰፌድ ጠርዝ እንዴት እንደሚታሰር ጠየቋት፤ የሰፌድ ነገር ጀምረው ጠርዙ አልሆን ብሏቸዋል። ገበያው መሐል ቆማ በባዶ እጇ በአየር ላይ እያሰረች አሳየቻቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን አጥብበው አዩ። የደሴው መኪና ረዳት ሲጣራ ሮጣ ተሳፈረች፤ ማንን ይቅርታ መጠየቅ እንዳለባት እያሰበች አቀስታን አለፈች።