ያልጻፍኩት ውጤት

አሮጌ ራዲዮ መጠገን ትርፉ ድካም ነው ይሉኝ ነበር፤ እኔ ግን ወደድኩት። አቃቂ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ። ቅዳሜ በግማሽ ቀን ስንለቀቅ በሚኒባስ ሳሪስ እወርድና ኢንተርኔት ቤት እገባለሁ። ሌላው ዲቪ ሲሞላ እኔ የራዲዮ ጠጋኞች ፎረም ላይ ተጥጄ እውላለሁ። አንድ ገጽ እስኪከፈት ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። መብራት በፈረቃ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ቅዳሜ መብራት የሚጠፋበት ተራ የሳሪስ ከሆነ ሳምንቱ ባከነ ማለት ነው።

ብዙ አልነበርንም፤ በአካልም አንተዋወቅም። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የምንጽፈው፤ ከአንድ ሰው በቀር። ጡረታ መውጣታቸውን ስለነገሩን ሁላችንም «አባባ» እንላቸዋለን። እሳቸው በራሳችን ፊደል፣ በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥብ ሳይዘነጉ ይጽፋሉ። አንድ መልስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባቸው እግዜር ይወቅ።

የፎረሙን ሕግ ያወጡትም እሳቸው ናቸው። ምክር የወሰደ ሰው ተመልሶ «ውጤት» ብሎ የሆነውን ይጽፋል፤ ራዲዮው ቢሠራም ባይሠራም። ያልጻፈ ሰው ለሌላ ጥያቄ መልስ አያገኝም። እኔ አንዴ ትራንስፎርመር አቃጥዬ ጭጭ አልኩ። አባባ አልለቀቁኝም።

«ልጄ፡ የተቃጠለውንም፡ ጻፍ፡ ሌላው፡ እንዳያቃጥል።»

አፍሬ ጻፍኩ።

አንድ ቅዳሜ ግን ጠያቂው እሳቸው ሆኑ። የትልቁ የእንጨት ራዲዮአቸው ቫልቭ፣ ያ እንደ አምፖል የሚበራው የመስታወት ዕቃ፣ ተቃጥሏል። ባለቤታቸው ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ አልጋ ላይ ሆነው የሚሰሙት ያንን ራዲዮ ነው። የባትሪውን ራዲዮ ሲከፍቱላቸው «ድምፁ ቆርቆሮ ነው» ብለው ያስጠፉታል። የዚያው ዓይነት ቫልቭ እኔ ሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። «አለኝ አባባ፤ ቀኑንና ቦታውን ይንገሩኝ፣ አመጣልዎታለሁ» ብዬ ጻፍኩላቸው።

በዚያው ሰሞን ስልኬ ላይ ኢንተርኔት ገባ። አገሩ ሁሉ ወደ አዲሱ ማኅበራዊ ሚዲያ ሲጎርፍ እኛስ ምን እንጠብቃለን ብዬ ቡድን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ፎቶ መለጠፍ ይቀላል፣ ኢንተርኔት ቤት መሄድ ቀረ እያልኩ አባላቱን አንድ በአንድ የጎተትኩትም እኔው። አባባም ይመጣሉ ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር፣ አላሰብኩም።

አዲሱ ቤት ሰው በሰው ሆነ። ራዲዮ የማያውቅ ሁሉ ገባ። አንዱ የአያቱን ራዲዮ ፎቶ ይለጥፋል፣ መቶው «ዋው» ይላል፣ ሌላው የሠርግ ቪዲዮ ያመጣል። ጠዋት የተጠየቀ ጥያቄ ለምሳ ሳይደርስ ይቀበራል። ውጤት የሚጽፍ አልነበረም፤ እኔም አልጻፍኩም። የሚወደድልኝን ፎቶ ስቆጥር እውል ነበር፤ ያስደስተኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ከወራት በኋላ የሥራ ባልደረባዬ የማይሠራ ራዲዮ አመጣልኝ። ብልሽቱን አባባ ድሮ ለአንዱ ሲያስረዱ ማንበቤ ትዝ አለኝና ወደ አሮጌው ፎረም ተመለስኩ። ከእኛ መውጣት በኋላ የጻፈ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ልጄ፡ እሑድ፡ ከቅዳሴ፡ በኋላ፡ ሳሪስ፡ አቦ፡ በሩ፡ ላይ፡ እጠብቅሃለሁ። ጥቁር፡ ጃንጥላ፡ ይዣለሁ።»

«ውጤት። ጠብቄ፡ ተመለስኩ። ሥራ፡ ይዞህ፡ ይሆናል። በሚመጣው፡ እሑድም፡ እቆማለሁ።»

«ውጤት። ዛሬም፡ አልመጣህም። ምን፡ አግኝቶት፡ ይሆን፡ ብዬ፡ ሰጋሁ። የሚያውቀው፡ ሰው፡ ደኅንነቱን፡ ይጻፍልኝ።»

የመጨረሻው ከሦስት ሳምንት በኋላ የተጻፈ ነው።

«ውጤት። ራዲዮው፡ አልተሠራም። ባለቤቴ፡ ስላረፈች፡ ቫልቩ፡ ይቅር። አንተ፡ ግን፡ ደኅና፡ ከሆንህ፡ ጻፍ።»

የይለፍ ቃሌን ረስቼ ስንት ጊዜ ሞክሬ ገባሁ። «ታምሜ ነበር አባባ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ እሑድ ቫልቩን ኪሴ ከትቼ ሳሪስ አቦ ሄድኩ። ፀሐዩ ከርሮ ስለነበር ጥቁር ጃንጥላ የያዙ አዛውንት ብዙ ነበሩ። መልካቸውን አላውቀውም። ሦስቱን ጠየቅኩ፤ አንዳቸውም አባባ አልነበሩም። ሰዉ እስኪያልቅ ቆምኩ።

ለጽሑፌ መልስ አልመጣም። ትንሽ ቆይቶ ፎረሙ ራሱ አልከፈት አለ፤ ውሸቴም እዚያው ቀረ። ቫልቩ አሁንም ሣጥኔ ውስጥ በጨርቁ እንደተጠቀለለ ነው።

ውጤት። አልታመምኩም ነበር አባባ። ደኅና ነበርኩ፤ ረስቼዎት ነው።