ጠፍጣፋውና ሪባኑ

ባሌ ጎንደር ውስጥ የሒሳብ መምህር ነበር። ከተጋባን ብዙም ሳንቆይ፣ በጤና ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ሐኪም አገሩ ሊገባ ዕቃውን ሲሸጥ፣ ባሌ አልጋ ሊገዛ ሄዶ ድምፅ ማጉያ አሸክሞ መጣ። የመስኮት መዝጊያ የሚያህል ጠፍጣፋ ነገር ነው። እንደ ሌላው ሣጥን የለው፣ የወረቀት ጡሩምባ የለው፤ ከወንፊቱ ጀርባ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ላስቲክ ተወጥሯል፣ ኤሌክትሪኩ እሱን እያርገበገበ ያዘፍነዋል።

«አልጋውስ?» አልሁት።

«መጀመሪያ ስሚው!»

የማሲንቆ ዘፈን ሸክላ አስነሥቶ አሰማኝ። እውነት ለመናገር ማሲንቆ መቺው ቤታችን የገባ መሰለኝ፤ ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል። የአልጋውን ነገር ተውሁት።

ነገሩን ያከረረው ወንድሜ ነው። የአስመራ መንገድ የጭነት ማኪና ሾፌር ስለሆነ ከእሱ በላይ ዕቃ የሚያውቅ ያለ አይመስለውም። ጠፍጣፋውን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «መምህር፣ ይህን ከምታዘፍነው በር ብታደርገው ይሻልህ ነበር» ብሎ ሳቀ። በሚቀጥለው ጉዞው ከአስመራ የራሱን ይዞ ከች አለ። የእሱ ከታች ትልቅ ሣጥን ነው፤ ከላይ ደግሞ በማግኔት መካከል የተንጠለጠለች፣ ሽብሽብ ያለች የብር ቀለም ሪባን አለችው። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው እሷ ናት።

የኔ ይሻል የኔ ይሻል ሲባባሉ ሰንብተው፣ አባቴ ይዳኙን ተባባሉ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዜማ ሲያስተምሩ ነው የኖሩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእናቴ ጋር መጡ። እንደ ክብራቸው ከግድግዳው በኩል ካለው ደህና ወንበር አስቀመጥናቸው፤ ከጠፍጣፋው ጎን ማለት ነው። ባሌ ሸክላውን አስነሣ። ፊት ለፊት የተቀመጥነው ትከሻችን ይነቃነቃል፤ አባቴ ግን ገና ይጠብቃሉ።

«ምነው፣ አይጀመርም እንዴ?» አሉ።

«የኔታ፣ ኧረ ጀምሯል!» አለ ባሌ ደንግጦ።

እናቴ ከጠፍጣፋው በስተኋላ፣ ከጓዳው በር ላይ ሆና፣ «እኔስ ጥርት አድርጌ እሰማለሁ» አለች።

ለካ ጠፍጣፋው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንጂ ወደ ጎን እምብዛም አይዘፍንም! አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው ይዞሩት ጀመር። ፊት ለፊቱ ሲደርሱ ፈገግ ይላሉ፣ ጎኑ ሲደርሱ ይኮሳተራሉ። ሁለት ጊዜ ዞረው፣ «ድምፁ ሸጋ ነው። ግን ከበሮ መቺውን የት አደረሳችሁት?» አሉ። እውነትም ከበሮው ከሩቅ መንደር እንደሚሰማ ያህል ነበር።

ወንድሜ ደስታው ፊቱ ላይ እየታየ ሽቦውን ወደ ራሱ ዕቃ አዛወረ። ከበሮው ከሣጥኑ ዱም ዱም ሲል ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ ማሲንቆው ከሪባኗ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ወረደ። አባቴ ሊፈርዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይህን ጊዜ እናቴ ጠጋ ብላ፣ «ምነው ይህን አቧራ እንኳ ሳትጠርጉ» አለችና እፍ! አለችበት።

ሪባኗ ብጥስ አለች። ከበሮው ብቻውን ቀረ።

«አሁን ደግሞ ማሲንቆ መቺው ሄደ» አሉ አባቴ።

ወንድሜ ፊቱ ዐመድ መሰለ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «እፍ ነው እኮ ያልሁት፣ ልጄ!» ትላለች። ባሌ ይስቅበታል ብዬ ስፈራ፣ እሱ ወንድሜን ሲጋራ ጠየቀው። ባሌ ሲጋራ አያጨስም። ከፓኮው ውስጥ የሚያብለጨልጨውን የብር ቀለም ወረቀት አወጣና በምላጭ በልኩ ቆረጠው፤ ወንድሜም በእኔ ሚዶ ጥርስ ላይ እየተጫነ ሸበሸበው። ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ከቦታው አስገቡት። ማሲንቆው ተመለሰ፤ ግን በአፍንጫው የሚዘፍን ሆነ።

«ጉንፋን ይዞታል። ፍርዱ እስኪሻለው ይቆይ» አሉ አባቴ፤ ሁላችንም በሳቅ ፈረስን።

አመሻሹ ላይ ሁለቱ ሌላ ዘዴ አመጡ፦ ሁለቱን አንድ ላይ አገናኝተው፣ ዘፈኑን ለጠፍጣፋው፣ ከበሮውን ለሣጥኑ ሰጡ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከዚያም ወዲህ አልሰማሁም። ወንድሜ በማግስቱ ሣጥኑን ትቶልን ወደ አስመራ ነዳ። ከዚያ በኋላ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ማኪናውን ደጃችን ያቆማል፤ ባሌም ገና የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ሸክላ መምረጥ ይጀምራል።