ሽቦው የጠጣው ጠበል

የመጀመሪያ ዓመት ኬሚስትሪን አንዴ ወድቄዋለሁ። ያልገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ችግሩ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ መሆኑ ነው። አቶም ሲሞቅ ኤሌክትሮኑ ከፍ ወዳለ ደረጃ ይወጣል፣ ሲወርድም ብርሃን ይሰጣል፤ እስከዚህ ድረስ ደግ። «በሁለቱ ደረጃዎች መካከል መቆም ግን አይችልም» ሲሉን ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። ለምን አይቆምም? ማን ከለከለው?

ትምህርቱን ስደግም ያስተማረን ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት መምህር ነው፤ ወረታ ጨው ከሚነግድ የሙስሊም ቤተሰብ የተወለደ። ጥያቄዬን ሰምቶ፣ «የደልጊ ልጅ አይደለሽ? ከጀልባ ስትወርጂ አንድም ጀልባው ላይ ነሽ፣ አንድም የብሱ ላይ። መሃል የቆመ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። አይቻለሁ እንጂ፤ የአጎቴ ሚስት ከነዘንቢሏ ጣና ውስጥ ገብታለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ኤሌክትሮን መሃል ይቆማል ብዬ ተከራክሬ አላውቅም። የእርምጃው ልክ በየአቶሙ ስለሚለያይ ቀለሙም ይለያያል፤ ሶዲየም በቢጫ፣ መዳብ በአረንጓዴ፣ ፖታሲየም በፈዛዛ ሐምራዊ ይነድዳል።

የቀረኝ የላብራቶሪው ፈተና ነበር። ስሙ ያልተነገረን ዱቄት ይሰጠናል፤ በሽቦ ጫፍ ነክተን እሳት ውስጥ እንከተውና ከቀለሙ ማንነቱን እንናገራለን። ይኼንን ከወደቅሁ ተሰናብቼ ደልጊ መግባቴ ነው። ጭንቀቱ እህል ነሳኝ።

በዋዜማው አባቴ ከደልጊ መጡ። ሐይቁ ዳር ባለች ደብር የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው፤ ያለ ነገር ከደብራቸው አይወጡም። ግሽ ዓባይ ሰፈር አክስቴ ቤት አረፉና፣ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር መጥተው በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ሰጡኝ።

«ጠዋት እንዳትረሽው» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም፤ አባቴ ቃል ይቆጥባሉ። ፈተና እንዳለብኝ አልነገርኋቸውም ነበር፤ መቼም አክስቴ ሹክ ብላቸው ይሆናል አልሁ በልቤ።

ጠዋት ጠርሙሱን በቦርሳዬ ይዤ ገባሁ። ሽቦውን በአሲድ አጠብሁ፣ በተጣራ ውሃም አለቀለቅሁ። እዚያ ላይ ብተወው ምን ነበረበት? ጎንበስ ብዬ፣ በስመ አብ ብዬ፣ በአባቴ ጠበል ደግሜ ነከርሁት። ባዶውን ሽቦ አስቀድማችሁ እሳት ላይ ፈትሹ ተብለን ነበር፤ ዘለልሁት። ጠበል ይፈተሻል እንዴ?

ዱቄቱን ነክቼ እሳት ውስጥ ከተትሁ፤ ቢጫ። ደገምሁ፤ አሁንም ቢጫ። «ሶዲየም» ብዬ ጻፍሁና በደስታ የምሆነውን አጣሁ።

መምህሩ መጥቶ መልሴን አነበበ። ሽቦዬን ጠራረገና ባዶውን እሳት ውስጥ አገባው። ቦግ ብሎ ቢጫ ነደደ።

«በምን አጠብሽው?»

ብናገር ልድን እችላለሁ። ግን የአባቴ ጠበል አሳሳተኝ ብዬ ለወረታ ጨው ነጋዴ ልጅ እንዴት አድርጌ ልናገር? ቢስቅስ? ከመውደቄ ይልቅ የእሳቸው መሳቂያ መሆን አንገበገበኝ። በመጨረሻ እንደምንም፣ «በጠበል» አልሁ፤ ጠርሙሱንም አወጣሁ።

አልሳቀም። ጠርሙሱን በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

«ከመሬት የፈለቀ ውሃ ጨው አያጣም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ጨውን ደግሞ ለእኔ ተይው፤ ሶዲየም ስላለባት ቅንጣቷ ቤቱን ሁሉ በቢጫ ትሞላለች። ጠበሉ አልዋሸሽም፤ ያለበትን ነው ያሳየሽ። ግን ይኼ ለሰው ነው የተሰጠው፣ ለሽቦ አይደለም።»

ከመሳቢያው ሰማያዊ መስታወት አውጥቶ ሰጠኝ። ዱቄቱን እንደገና እሳት ውስጥ ከትቼ በመስታወቱ አየሁ። መስታወቱ ቢጫውን ዋጠው፤ ከኋላው አንዲት ስስ ሐምራዊ ነበልባል ብቅ አለች። ፖታሲየም ነበር! ለካ ቀድሞም እዚያው ነበረች። እንባዬ መጣ። ለጥፋቴ ነጥብ ቀነሰብኝ፤ ሽቦውን በደንብ አሳጥቦም እንደገና አሠራኝ። አለፍሁ።

አባቴ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ደብቄ የማልፈው ስላልመሰለኝ ሽቦውንም፣ ጨውንም፣ ቢጫውንም አንድ በአንድ ነገርኋቸው። እንዲቀየሙኝ ጠብቄ ነበር።

«ለሽቦ ሰጠሽው?» አሉ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«አንችሳ? አልጠጣሽም?»

«ለፈተናው ያመጡልኝ መስሎኝ እኮ ነው።»

«የምን ፈተና?» ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «እኔ ፈተና እንዳለብሽ በምን አውቄ? አክስትሽ ‹ልጅህ ከስታለች፣ እህል አትቀምስም› ብላ ብትደውልልኝ ነው የመጣሁ።»

እኔ በእሳቸው እንዳይሳቅባቸው ስፈራ፣ እሳቸው ያን ሁሉ ሐይቅ የተሻገሩት ለከሳው ጉንጬ ነው። አባቴን እንደዚያች ሰዓት ወድጃቸው አላውቅም።

«ቁርስ በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

«ደግ። እንግዲያውስ ሆድሽ ባዶ ነው፤ ጠጭው።»

ከሽቦው የተረፈውን እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ጠጣሁ። ጨው ጨው ይል እንደሆነ አጣጥሜ ነበር፤ ምንም አልታወቀኝም። አባቴ ጠርሙሱ እስኪንጠፈጠፍ ድረስ ዐይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። ከዚያ እጄን ይዘው ዓሣ ሊያበሉኝ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰዱኝ።