ተረት ተቀባይዋ ሀዋ

ልጅ ሳለሁ አፌ ከእግሬ ይቀድም ነበር። እኔ ገና ከቤት ሳልወጣ ድምፄ ጎረቤት ደርሶ ሰላምታ ይለዋወጣል። አባቴ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጣ ቁጥብ ገበሬ ነበርና «የዚህን ልጅ ምላስ ማረሻ ባደርገው አሶሳን በሙሉ አርሰው ነበር» ይል ነበር።

ያኔ ክልል የሚባለው ነገር አዲስ ነው። ትናንት ሳር ቤት የነበረው ሁሉ ቢሮ ሆኖ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ታፔላ ተሰቅሎበታል። እኛ ልጆቹ ግን ከክልሉ ይልቅ የምናውቀው የሼህ ኢድሪስን ግቢ ነበር። ሼህ ኢድሪስ የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀርከሃ እየሰነጠቁ አልጋና ወንበር ይሠራሉ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ የቀኑን ፍቅፋቂ ሰብስበው ያነዱታል፣ እኛም እንከበዋለን። የቀርከሃ እሳት እንደ ሌላ እንጨት አይደለም፤ አንጓው ውስጥ የታፈነው አየር ሲግል ጧ! ይላል። ትንንሾቹ ይዘላሉ፤ እኛ «ትልልቆቹ» የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ መዝለላችን እንዳይታወቅ ልብሳችንን እንደማራገፍ እንላለን። ኩራዟ በሩ ላይ ትንቦገቦጋለች፣ ጢሱ ግቢው ውስጥ ባለው ማንጎ ቅጠል ስር ተኝቶ አልሄድ ይላል፣ እኛም ዓይናችን እያለቀሰ ተረቱን እንሰማለን።

የሼሁ ተረት ደንብ ነበረው። አንድ ተቀባይ ይመርጣሉ። እሳቸው ትንሽ ተናግረው ቆም ሲሉ ተቀባዩ «ነዓም» ይላል፤ አዎ፣ ሰምቻለሁ፣ ቀጥል እንደማለት ነው። ተቀባዩ ዝም ካለ ተረቱ እዚያው ያበቃል፤ ብታለቅስም አይጨርሱልህም። አንድ ቀን እኔም ተሞክሬ ነበር። «ነዓም፣ ከዚያ ጅቡ በላው አይደል?» ስላቸው ቀርከሃቸውን አስቀምጠው «ያ ወለድ፣ ተቀባይ ተራኪውን አይቀድምም» አሉኝ። ያ ወለድ አንተ ልጅ ማለታቸው ነው። ተቀባይነቴ በዚያው አበቃ።

እውነተኛዋ ተቀባይ የልጅ ልጃቸው ሀዋ ነበረች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፣ ግን አይሰበርም። እሷ «ነዓም» ስትል ሼሁ በዚያ ላይ ተረማምደው ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ።

ያ ድምፅ ትምህርት ቤት ስትገባ የት እንደሚሄድ እንጃ። አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው። ቲቸር ስም ሲጠሩ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ፊታቸው ቁጭ ብላ ቀሪ ይሏታል! ስለዚህ እኔ ድምፄን አቅጥኜ «አቤት!» እልላታለሁ። ክፍሉ በሳቅ ይናጋል።

«ሰይድ ራዲዮ፣ ዛሬ የሴቶች ፕሮግራም ነው እንዴ?» ይሉኛል ከኋላ የተቀመጡት።

ቲቸርም ይስቃሉ። ሀዋ ዴስኩን ታያለች። የረዳኋት ይመስለኝ ነበር፤ ወላሂ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ምሽት ታዲያ አባቷ ለሼሁ «ክፍል ውስጥ አፏን ካልከፈተች ለምን ትመላለሳለች? ለከርሞ ከእናቷ ጋር ማሳ ትዋል» ሲል ሰማሁ። ሀዋም ሰማች። የዚያን ቀን «ነዓም» ስትል ድምጿ ተንቀጠቀጠ።

እኔ መላ አገኘሁ። የወላጆች ቀን ደርሶ ነበር፤ ከክልል እንግዶች ይመጣሉ ተብሏል፣ አባቷም ይመጣል። ቲቸር «ተረት የሚያቀርብ ማነው?» ሲሉ እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ሀዋ ታውቃለች! እኔ እቀበላታለሁ።»

ሀዋ ከዴስኩ ስር እግሬን ረገጠችኝ። «ዝም በይ፣ ታያለሽ» አልኳት። እስቲ አሁን ለሷ ዝም በይ ይባላል?

ማንጎው ስር ለብቻችን ስንለማመድ ግን ጉድ ነበረች። ጥንቸል ዝሆንን በወሬ ደልላ ዛፍ ላይ ያወጣችበትን ተረት ስትነግረኝ ሆዴን ይዤ ተንከባለልኩ፤ መጨረሻውን ግን ለወላጆች ቀን አስቀረችው። አባቷ ይህን ቢሰማ በቃ፣ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። እንግዶቹ ከፊት፣ ወላጆችና ሼሁ ከኋላ ተቀምጠዋል። ሀዋ ቆመች።

«ዝሆንና ጥንቸል ነበሩ።»

«ነዓም» አልኩ።

ዝም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«ነዓም» አልኩ ደግሜ፤ ላስታውሳት ብዬ ነው። አንድ ሰው ከት ብሎ ሳቀ። ሳቅ ከሰማሁ ደግሞ እኔ ፍሬን የሌለው መኪና ነኝ። እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ወደ አፏ ጎንበስ አልኩና «ነዓም! ነዓም! ኧረ ነዓም!» እያልኩ ራሴን መነቅነቅ ጀመርኩ። እንግዶቹ እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። አገጯ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። አላየሁም ብል እዋሻለሁ። አይቼም ማቆም አቃተኝ። እሷ አልሮጠችም፣ አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን አስተካክላ በሰዉ መሃል አልፋ ወጣች።

ሼሁ ሰው ሲበተን አጠገቤ መጡ። «ያ ወለድ፣ እሷ ሳትናገር አንተ ምን ተቀበልክ?» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም ላይ ዴስኩ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ሄጄ ሼሁን ለመንኳቸው፤ «እባክዎ ይንገሯት፣ ትመለስ።»

«ነገርኳት። ዝም አለች» አሉ ቀርከሃቸውን እየላጉ። «እሷ ዝም ካለች እኔ አልቀጥልም።»

ተረቱም በዚያው ቀረ። ያ ምስኪን ዝሆን ማን እንዳወረደው እስከዛሬ አላውቅም።

እኔም ስምንተኛ ላይ አቆምኩና መናኸሪያ ገባሁ፤ «ባምባሲ! ባምባሲ!» እያልኩ ተሳፋሪ እጠራለሁ፣ በአፌ ልጆች አሳደግኩ። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ስሄድ የሴት ድምፅ ሰማሁ። «አንቺ! ማንጎውን አትጭመቂው፣ ባልሽ መሰለሽ?» ትላለች፤ ሻጩም ገዢውም ይስቃል። ዞር ስል ሀዋ ናት። ደስ ብሎኝ ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

አየችኝና ቃሏን ከመሃል ቆረጠችው። ጥሩ ጥሩውን እየመረጠች ፌስታሌን ሞላችልኝ። «ይቅር በይኝ» ለማለት ስንት ዓመት ተለማምጄ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ቀልድ ነው፤ ምን እንዳልኩ ልጽፈው አፍራለሁ። ጎረቤቶቿ ሳቁ። እሷ መሬት መሬት አየች። ተሸክሜ አሥር እርምጃ ሳልርቅ ያ ድምፅ ከኋላዬ እንደገና ተነሳ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ዓይን አፋሯ እሷ ትመስለኝ ነበር። አሁን አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ማንጎ ሲያምረን ትንሿን ልጄን እልካታለሁ፤ እኔ ከጨው ተራ ጀርባ ቆሜ ሀዋ ከሷ ጋር ስትጫወት፣ ስትቀልድ፣ ስትስቅ እሰማለሁ። ባለፈው ልጄ ፌስታሉን ይዛ መጣችና «አባ፣ ሴትዮዋ እኮ ጨዋታ አዋቂ ናት፤ ለምን አብረን አንሄድም?» አለችኝ።

ፌስታሉን ተቀበልኳት። እጇን ይዤ ሀዋ በማታየን መንገድ ወደ ቤት ሄድኩ።